ባሕር ማዶ የተፈጸመ ጋብቻ ካዛንቺስ ሲደርስ



የዛሬው ጥያቄያችን አጭር ነው። ሁለት ሰዎች በሌላ አገር፣ በዚያው አገር ሕግ ተጋብተው ሲመጡ ኢትዮጵያ «ባልና ሚስት ናችሁ» ልትላቸው ይገባል ወይስ አይገባም? ጥያቄው ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስቀድመው የአገር ክብርን ነው። የራሳችን ሕግ እያለን የባዕድ አገር ሹም ያጋባውን ለምን እንቀበላለን ይላል። ስሜቱ ይገባኛል፤ ነገር ግን ጉዳዩን ከሌላ ወገን እንድታዩልኝ እለምናችኋለሁ። ችሎት ፊት ቆሞ «ይህ ጋብቻ እዚህ አገር አይጸናም» የሚለው ማነው? መንግሥት ራሱ እንዲህ ብሎ ሲከራከር እምብዛም አይታይም። የሚከራከረው ቤቱ በስሙ የተመዘገበለት፣ ገንዘቡ በእጁ ያለ፣ ሚስቱን ባዶ እጇን ሊሸኛት የፈለገ ባል ነው፤ ወይም የሟቹን ቤት ከምራታቸው ጋር መካፈል ያልወደዱ ዘመዶች ናቸው። ጋብቻውን አላውቅም ማለት ከሁለቱ ተጋቢዎች ጉልበት ላለው ማድላት ነው። የዛሬው ንግግሬ በሙሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

ይህን ለመነጋገር ከካዛንቺስ የተሻለ ሰፈር አዲስ አበባ ውስጥ አላውቅም። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1950 ዓ.ም. ከተቋቋመ፣ የአፍሪካ አዳራሽም በ1953 ከተመረቀ ወዲህ ከአህጉሩ ከየማዕዘኑ የመጡ ባልና ሚስቶች በዚህ አካባቢ ቤት ተከራይተው ኖረዋል፤ ልጆች አሳድገዋል። ዳካር ወይም ናይሮቢ ተጋብተው የመጡትን «ቀበሌ ሄዳችሁ እንደገና ተጋቡ» ያላቸው የለም። አከራዩም ባለሱቁም ጎረቤቱም ባልና ሚስት ብሎ ተቀብሏቸዋል። ነገሩ የሚከብደው ወደ ራሳችን ልጆች ሲመጣ ነው። ዱባይ ሠርታ፣ እዚያው ትዳር ይዛ የተመለሰች የቂርቆስ ልጅ አለች። ዋሽንግተን ተፈራርሞ ሚስቱን ይዞ የመጣ የኡራኤል ልጅ አለ። ቤት፣ መሬት፣ ውርስና ጡረታ የሚነሳው በእነዚህ ላይ ነው።

ስለ ክብር ያነሳሁትን ሳልመልስ ልለፍ አልወድም። አገራችን በሌላ አገር ሕግ የሚተዳደር ሰው በመካከሏ ሲኖር ያየችው ዛሬ አይደለም። በ1900 ዓ.ም. ከፈረንሣይ ጋር የተፈረመው፣ በተለምዶ የክሎቡኮቭስኪ ውል የሚባለው፣ የፈረንሣይ ዜጎች ጉዳይ በቆንስላቸው እንዲታይ ፈቅዶ ነበር፤ ሌሎች መንግሥታትም ይህንኑ መብት ለዜጎቻቸው ተከራክረው አግኝተዋል። ያ ከድካም የመጣ ነበር። የውጭው ዜጋ አዲስ አበባ ተቀምጦ ከኢትዮጵያ ዳኛ እጅ ወጥቶ ነበር። ዛሬ የምንነጋገርበት ግን የራሳችን ሕግ አውጪ በራሱ ፈቃድ የጻፈው፣ የራሳችን ዳኛ የሚመዝነው ነገር ነው። ሁለቱን ማምታታት አይገባም።

ሕጉ ምን ይላል? ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ጉዳዩን በአንድ አጭር አንቀጽ ጨርሶታል። አንቀጽ 5 በውጭ አገር፣ በዚያው አገር ሕግ መሠረት የተፈጸመ ጋብቻ የሕዝብን ሞራል እስካልተቃረነ ድረስ በኢትዮጵያም ይጸናል ይላል። በእኛ ሥርዓት እንደገና ይፈጸም አይልም። የዜግነት አዋጁም፣ ቁጥር 378/1996፣ ኢትዮጵያዊ ያገባ የውጭ ሰው ዜግነት የሚያገኝበትን መንገድ ሲዘረዝር ጋብቻው በኢትዮጵያ ሕግ ወይም በተፈጸመበት አገር ሕግ የተደረገ ቢሆን ሁለቱንም እኩል ያያቸዋል። የቤተሰብ ሕግ የክልሎች ሥልጣን ስለሆነ የአማራ ክልል የራሱ ሕግ አለው፤ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። ባሕር ዳርም ቂርቆስም ቤት ያለው ሰው ሁለት ሕግ ማየት ሊኖርበት ነው ማለት ነው፤ እሱን ለጠበቆች እንተወው።

እንግዲህ ሕጉ በሩን ከፍቷል፤ በእኔ እምነት መክፈቱም ትክክል ነው። ታዲያ ለምን እዚህ ድረስ ተጠራን ትሉኝ ይሆናል። ችግሩ የሚጀምረው ከአንቀጹ ወደ ወረቀቱ ሲወረድ ነው።

እስቲ ወደ አንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት እንሂድ። በሲቪል ምዝገባና የነዋሪነት አገልግሎት መስኮት ሰው ከሚሰለፍባቸው ወረቀቶች አንዱ «ያላገባ» ነው። ቤት ሊሸጥ የተነሳ፣ ውጭ አገር ሊያገባ ያሰበ፣ ከባንክ ብድር የጠየቀ ሁሉ ይህን ወረቀት አምጣ ይባላል። ሠራተኛዋ ፋይሉን ታወጣለች፤ ኮምፒውተሩን ታያለች፤ በስሙ የተመዘገበ ጋብቻ ካላገኘች ጉርድ ፎቶግራፉን ትለጥፋለች፣ ኃላፊው ይፈርማል፣ ማኅተም ያርፍበታል። ሰውየው ያንን ይዞ ወደ ውልና ማስረጃ ይሄዳል። እንበል ይህ ሰው ከስድስት ዓመት በፊት አቡዳቢ በአገሩ ሕግ ያገባት ሚስት አለችው። እሷ አሁንም እዚያው ናት፤ ሰው ቤት ትሠራለች፤ ደመወዟን በየወሩ ትልክለታለች፤ በላከችው ቤት ተገዝቷል፤ ካርታው በእሱ ስም ነው። ወረዳው ስለ አቡዳቢው ጋብቻ የሚያውቅበት መንገድ የለም። ሠራተኛዋ አልዋሸችም፤ ፋይሉ ውስጥ የሌለውን ከየት ታመጣለች? ቤቱ ግን በአንድ ጠዋት ይሸጣል።

ሕጉን ብናይ ሚስቲቱ ሙሉ መብት አላት። በቤተሰብ ሕጉ ከተጋቡ በኋላ በሁለቱም የግል ጥረት የተገኘ ገቢ የጋራ ነው፤ በአንዱ ስም ቢመዘገብ እንኳ የግሉ መሆኑ እስካልተረጋገጠ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱ ስምምነት ያስፈልጋል። ያለ ስምምነቷ ከተሸጠም ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ ትችላለች፤ ነገር ግን ሽያጩን ባወቀች በስድስት ወር ውስጥ፣ ባታውቅም ሽያጩ በተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ መሆን አለበት። ሁለት ዓመት ደግሞ አንድ የሥራ ኮንትራት ነው። እሷ ኮንትራቷን ጨርሳ፣ ሻንጣዋን ሞልታ ቦሌ ስትወርድ ጊዜው አልፎ ሊቆይ ይችላል።

ባል ቢሞትስ? ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር እዚህ ላይ አለ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ኑዛዜ ከሌለ ሚስት ከባሏ አትወርስም፤ ባልም ከሚስቱ አይወርስም። ወራሾቹ ልጆች ናቸው፤ ልጅ ከሌለ ወላጆች፣ እያለ ወደ ዘመድ ይሄዳል። ሚስት የሚደርሳት የጋራ ንብረቱ ግማሽ ነው፤ እሱም የሚደርሳት ሚስት ስለሆነች ብቻ ነው። ጋብቻው አይታወቅም ከተባለ ግማሹ በሙሉ ከእጇ ይወጣል፤ በውርስ በኩል የምትመለስበት ሌላ በር የላትም።  

ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ሲፈርስ ያያችሁ ሰዎች ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ቤት ሲነሳ፣ ካሳና ምትክ ሲታሰብ፣ ሁሉ ነገር ወደ ፋይሉ ይመለሳል። ፋይሉ ላይ ስሙ ያለው ይጠራል። ገንዘቡን ስትልክ የኖረችው ሴት ስሟ እዚያ ከሌለ፣ በአቡዳቢ ማኅተም የተመታ ወረቀቷ ሻንጣ ውስጥ ተቀምጦ ምንም አያደርግላትም።

አሁን ወደ አንቀጽ 5 ሁለተኛ ቅድመ ሁኔታ ልመለስ፤ የሕዝብ ሞራል ወደሚለው። ይህ ቃል መጥበቅ አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም በሌላ አገር ሲሰፋ ምን እንዳደረገ አይተናል። እ.ኤ.አ. በ1958 ሚልድረድ ጄተር የተባለች ጥቁር ሴትና ሪቻርድ ላቪንግ የተባለ ነጭ ወንድ ዋሽንግተን ሄደው ተጋቡ፤ ዋሽንግተን የሚከለክል ሕግ አልነበረም። ወደሚኖሩባት ቨርጂኒያ ሲመለሱ ግን ፖሊስ በሌሊት መኝታ ቤታቸው ገብቶ ያዛቸው። ቨርጂኒያ የጥቁርና የነጭ ጋብቻ፣ ሌላ ቦታ ተፈጽሞ ቢመጣም፣ ወንጀል ነው ትል ነበር። በ1959 የአንድ ዓመት እስራት ተፈረደባቸው፤ ለ25 ዓመት ከግዛቲቱ ከወጡ እስራቱ እንደሚቀርላቸው ተነገራቸው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያንን ሕግ የሻረው በ1967 ነው። የቨርጂኒያ ዳኞች ያን ሁሉ ያደረጉት ሞራል እንጠብቃለን ብለው ነበር። ዳኛ «አልወደድኩትም» ከሚለው ስሜቱና «ሰው ይጎዳል» ከሚለው ፍርዱ መካከል መለየት ካልቻለ፣ የሕዝብ ሞራል የሚለው ቃል የፈለገውን ሁሉ ይሸከምለታል።

በእኔ እምነት በዚህ ቃል መመለስ የሚገባው ዋናው ነገር ግልጽ ነው፤ በግድ የተደረገ ጋብቻና የሕፃን ጋብቻ። የቤተሰብ ሕጋችን የጋብቻ ዕድሜን ለሁለቱም 18 ዓመት አድርጓል፤ የድሮው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት 15 ይል ነበር። በሌላ አገር የ13 ዓመት ልጅ ድረው ቢያመጧት «የአገሩ ሕግ ይፈቅዳል» የሚል ወረቀት ሊያሳምነን አይገባም።

እዚህ ላይም ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣችው ሕግ፣ ከተጋቢዎቹ አንዱ በጋብቻው ጊዜ 16 ዓመት ያልሞላው ከሆነ ውጭ አገር የተፈጸመውን ጋብቻ ከመጀመሪያው እንዳልነበረ ቆጠረችው። ለልጆች የታሰበ ሕግ ነበር። የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በ2023 ጉዳዩን ሲመረምር ጉድለት አገኘበት። ልጅቱ እንደ ሚስት ስትኖር ቆይታ «ጋብቻ አልነበረሽም» ስትባል ቀለብ የምትጠይቅበት መብት አብሮ ጠፋ፤ አድጋ በራሷ ፈቃድ በትዳሩ ልቀጥል ብትል እንኳ ሕጉ መንገድ አላስቀመጠላትም። ልጅቱን ለማዳን የወጣ ሕግ ልጅቱን ባዶ እጇን አስቀራት። የእኛ ሕግ በዚህ ረገድ ይሻላል። ዕድሜ ሳይደርስ የተደረገ ጋብቻ እንዲፈርስ ዐቃቤ ሕግም ሆነ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው መጠየቅ ይችላል፤ ግን ጋብቻው በፍርድ ቤት ውሳኔ ይፈርሳል ይላል እንጂ እንደ ጉም ተኖ ይጠፋል አይልም። ፈረሰ ማለት የንብረት ክፍፍል አለ ማለት ነው። ለውጭ አገሩ ጋብቻም ዳኞቻችን ይህንኑ መንገድ ቢከተሉ ደስ ይለኛል፤ ጋብቻውን አፍርሱት፣ ልጅቱ የሚገባትን ግን ስጧት።

አንድን ጋብቻ ለአንድ ጉዳይ አውቆ ለሌላው አለማወቅ የተለመደ ነገር ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1866 ከአንድ በላይ ሚስት በሚፈቅድ ሥርዓት የተፈጸመን ጋብቻ ፍርድ ቤታቸው አላይም ብሎ ዘጋው፤ በ1972 ባወጡት ሕግ ግን የእንዲህ ዓይነት ጋብቻ ሚስቶች ፍቺና ቀለብ እንዲጠይቁ ፈቀዱ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 የአንድ ጾታ ጋብቻ የማትፈጽመው ሩማኒያ ሌላ አባል አገር ውስጥ የተፈጸመውን ለመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ ብቻ እንድታውቅ ወስኗል። በእኛ ዘንድ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ስለ ወንዶችና ሴቶች ጋብቻ ስለሚናገር፣ የወንጀል ሕጉም በአንቀጽ 629 የአንድ ጾታ ግብረ ሥጋ ግንኙነትን ስለሚከለክል፣ ዛሬ ባለው ሕግ የአንድ ጾታ ጋብቻ በአንቀጽ 5 በኩል አያልፍም። በሌላ በኩል የሊባኖስና የእስራኤል ሕግ በአገራቸው ውስጥ ከሃይማኖት ውጭ የሚፈጸም ጋብቻ የለም ይላል፤ ዜጎቻቸው ቆጵሮስ ተሻግረው በማዘጋጃ ቤት ተጋብተው ሲመጡ ግን ይመዘግቧቸዋል። በአገራቸው የማይፈጽሙትን ከውጭ ሲመጣ የሚቀበሉት ዜጎቻቸውን ያለ ትዳር መብት መተው ስለማይችሉ ነው።

አሁን በጣም ወደሚከብደኝ ነገር ልምጣ፤ የወረቀት ጋብቻ። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አንዱ «ለፕሮሰስ»፣ ማለትም ለመኖሪያ ፈቃድ፣ ብሎ ውጭ አገር ይፈራረማል፤ ወረቀቱ ሳይፈርስ አዲስ አበባ መጥቶ ሽማግሌ ልኮ፣ ድግስ ደግሶ፣ እውነተኛ የሚለውን ትዳር ይመሠርታል። የውጭውን ጋብቻ እንወቅ ካልን የአዲስ አበባዋ ሙሽራ በጸና ጋብቻ ላይ የተደረበች ልትሆን ነው። ምንም ያላወቀች ልጅ ናት፤ ስለሷ የሚከራከሩ ሰዎች ልባቸው ትክክል ነው። ቢሆንም የውጭውን ጋብቻ ባለማወቅ እሷን እናድናለን የሚለውን ልቀበል አልችልም። ዳኛ የትኛው ጋብቻ በፍቅር፣ የትኛው በፕሮሰስ እንደተደረገ በምን ይለያል? እንደዚያ ከተከፈተለት ነገ ሚስቱን የጠላ ሁሉ «የኔ የወረቀት ነበር» ይላል። የአዲስ አበባዋን ልጅ የሚያድናት ሌላ ነው። ሁለተኛው ጋብቻ ቢፈርስ እንኳ ከላይ እንዳልኩት ፈርሶ ንብረቱ ይጣራል፤ ልጆቿም ልጅነታቸው አይነካም። ከሁሉ በላይ የሚያድናት ግን ከሠርጉ በፊት የወረዳው ፋይል እውነቱን ቢያውቅ ነው።

ሌላው ወገን ደግሞ በአንቀጽ 5 የማይደረስለት ነው፤ ልቤን የሚያሳምመኝም እሱ ነው። ቤይሩት በሰው ቤት የምትሠራ እህታችን መኖሪያ ፈቃዷ በአሠሪዋ እጅ ነው፤ ከፋላ በሚባለው ሥርዓት ከአሠሪዋ ከወጣች ሕገ ወጥ ትባላለች። እንዲህ ያለች ሴት ስታገባ የአገሩ መዝገብ ቤት አትሄድም። እሑድ በዕረፍት ቀኗ በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በቄስ ቡራኬ ወይም በኒካህ፣ ጓደኞቿ ሰብሰብ ብለው ታገባለች፤ ዶሮ ይሠራል፣ ፎቶ ይነሳሉ። በእሷ ዘንድ፣ በእናቷም ዘንድ ትዳር ነው። «በአገሩ ሕግ መሠረት» የሚለውን ሲመዝኑት ግን ይወድቃል። ሕጋችን ለእንዲህ ያለው ሁለት መረብ አለው። አንደኛው ጋብቻን በሰነድ ማስረዳት ሲያቅት ባልና ሚስት ሆነው መታወቃቸውን በምስክር ማስረዳት ነው። ሁለተኛው ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት አብረው የኖሩ ሰዎች ሦስት ዓመት ከሞላቸው በዚያ ጊዜ ያፈሩት የጋራ ነው የሚለው ነው። ግን ባል ቀድሞ አዲስ አበባ ቢመለስ፣ ሚስት ቤይሩት ብትቀር አብረው ኖሩ ይባላል? ሁለተኛው መረብ እነዚህን ጥንዶች አይዝም፤ የመጀመሪያውም የሠርጉ ምስክሮች ቤይሩት ስላሉ ለመያዝ ይቸገራል።

መፍትሔው በወረቀት ላይ አለ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጁ፣ ቁጥር 760/2004፣ በውጭ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ኤምባሲዎቻችንንና ቆንስላዎቻችንን የምዝገባ ቦታ አድርጓቸዋል። በአገር ውስጥ ምዝገባው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ተጀምሯል። ቆንስላው የእነዚህን ጥንዶች ጋብቻ በእኛ ሕግ ፈጽሞ ቢመዘግብ፣ የቤይሩቷ ልጅ የአገሩን መዝገብ ቤት ሳትረግጥ ትዳሯ ይጸናላታል። ለዚህ ቆንስላው ለእሷ የሚመች መሆን አለበት፤ በዕረፍት ቀኗ የሚከፈት፣ «መኖሪያ ፈቃድሽ የታለ» ብሎ የማይመልሳት። የተመዘገበው ደግሞ ወደ ወረዳዋ ፋይል መድረስ አለበት። አለበለዚያ ያ ሰው አሁንም ሄዶ «ያላገባ» ያወጣል።

ስለ ፍቺ አንድ ቃል ልጨምር፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ስለሚደናቀፍ። ጋብቻ በአንቀጽ 5 ሰፊ በር ይገባል፤ የውጭ ፍርድ ግን በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 458 በጠባብ በር ነው የሚገባው። ፍርዱ እዚህ እንዲፈጸም ከተፈለገ ከመመዘኛዎቹ አንዱ ያ አገር የኢትዮጵያን ፍርድ ያስፈጽማል ወይ የሚለው ነው። አሜሪካ ተፋታሁ ብሎ ፍርዱን ይዞ የመጣ ሰው፣ ጋብቻው ያለ ችግር ታውቆለት ፍቺው ሲያከራክረው ሊገኝ ይችላል። የውጭውን ጋብቻ ያወቀች አገር የውጭውን ፍቺ የምታውቅበት እኩል ግልጽ አንቀጽ ሊኖራት ይገባል፤ ይህን ሕግ አውጪው ምክር ቤት ሊጽፈው ይገባል።

ውጭ አገር ተጋብታችሁ እዚህ የተቀመጣችሁ፣ ወይም ልጃችሁ እዚያ ተጋብቶ የሚኖር፣ ወረቀቱን ከሻንጣ አውጡት። በተጋባችሁበት አገር የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤትና በዚያው ባለው ኤምባሲያችን ይረጋገጥ፤ እዚህ ሲመጣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ቀጥሎም በውልና ማስረጃ ይታይ፤ ወደ አማርኛ ይተርጎም፤ ከዚያ ኮፒውን ይዛችሁ ወረዳችሁ ሂዱና ፋይላችሁ ውስጥ እንዲገባ ጠይቁ። ገንዘብ የምትልክ ሚስት ከሆናችሁ ይህን ባላችሁ ያደርገዋል ብላችሁ አትጠብቁ፤ ለእናታችሁ ወይም ለእህታችሁ ውክልና ስጡ።

ለከተማው አስተዳደር የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ገንዘብም አዲስ ሕግም አይፈልግም። ወረዳው የሚሰጠው ወረቀት «አላገባም» ብሎ መመስከሩን ይተው። «በዚህ ጽሕፈት ቤት መዝገብ ላይ እስከ ዛሬ ቀን በስማቸው የተመዘገበ ጋብቻ አልተገኘም» ይበል፤ ከሥሩም አመልካቹ በውጭ አገርም ጋብቻ እንደሌለው በወንጀል ተጠያቂ ሆኖ የሚፈርምበት አንድ መስመር ይኑር። ቤቱን የሚገዛው ሰው ያንን መስመር አንብቦ ሻጩን አንድ ጥያቄ እንዲጠይቅ ዕድል ያገኛል።